የእትዬ ቀስበሉ ጭቃ

ማለዳ፣ ሜዳው ከጭጋጉ ሳይላቀቅ፣ የነዳጅ ቁፋሮው ማማ ከወገቡ በላይ ብቻ ነበር የሚታየው። ታቹ የለም። በሕልም እንደሚታይ ነገር አየር ላይ የተንጠለጠለ ብረት ይመስል ነበር። እትዬ ቀስበሉ በዚያን ሰዓት ከመኝታ ኮንቴይነሯ ትወጣና ጃኬቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ የሻይ ኩባያዋን በሁለት እጇ እንዳቀፈች ወደ ጭቃው ገንዳ ታመራለች። እዚያ ስትደርስ መለኪያዎቿን ከማውጣቷ በፊት፣ ጭቃውን ከጉድጓዱ ወደ ገንዳው የሚመልሰውን ወፍራም ቧንቧ በመዳፏ ትነካዋለች። ቧንቧው ሞቅ ይላል። ፀሐይ አይታው ከማታውቅ ስፍራ የመጣ፣ የምድር ሆድ ሙቀት ነው። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትንሽ ትቆያለች። የሚያዩዋት ሠራተኞች “እየጸለየች ነው፣ አትረብሿት” ይባባሉ ነበር። እሷ ግን ጭቃው ወርዶ የተመለሰበትን ቦታ ለማየት ነበር የምትሞክረው። ጨለማውን፣ ዝምታውን፣ ከጥንት ጀምሮ ማንም ያልነካውን ድንጋይ።

ጭቃ ይባል እንጂ አፈር በውሃ ተበጥብጦ የሚሠራ ዓይነት አይደለም። ናፍጣ የመሰለ ዘይት ነው። በዘይቱ ውስጥ ዓይን የማያያቸው የውሃ ጠብታዎች ተበትነዋል። ዘይትና ውሃ እንደ ምራትና አማት ናቸውና፣ የሚያስታርቃቸው መድኃኒት ይጨመርበታል። በዚያ ላይ ልዩ ሸክላ ይገባል፣ ክብደት እንዲኖረው ደግሞ እንደ ብረት የሚከብድ ዱቄት ይነሰነሳል። ይህ ሁሉ ተዋህዶ ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሽታው ልብስ ለቅቆ የማይሄድ ነገር ይሆናል። ፓምፑ በመሰርሰሪያው ቧንቧ ውስጥ ቁልቁል ይገፋዋል። ጭቃው ታች ደርሶ የተፈለፈለውን የድንጋይ ፍርፋሪ ይሸከምና ሽቅብ ይመለሳል። ወንፊት ላይ ፍርፋሪውን ጥሎ እንደገና ይወርዳል።

እናቷ ያወጡላትን ስም ሠፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ፓምፕ ሲነሳ “ቀስ በሉ!” ትላለች። ዱቄቱ ሲጨመር “ቀስ በሉ፣ ይጓጉላል!” ትላለች። ምሳ ሰዓት እንኳ ወንዶቹ ትኩስ ሾርባ ሲጎነጩ ካየች “ኧረ ቀስ በሉ፣ ጉሮሮ እኮ ነው!” ማለቷ አይቀርም። እንዲህ እንዲህ እያለች በሠላሳ ዓመቷ የሁሉ እትዬ፣ እትዬ ቀስበሉ ሆና ቀረች። የሚበልጧት ሽበታም የብየዳ ሠራተኞች ጭምር እትዬ ይሏት ነበር።

ለነገሩ ዘይት ጡት እንዳስጣላት የሚናገሩ ዘመዶች አሉ። አባቷ መኪና ጠጋኝ ነበሩ፣ ጋራዡም ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ሕፃን ሳለች የምትወደው ቦታ የሞተር ዘይት የሚቀዳበት ጥግ ነበር። ጠዋት ብርድ ሳለ አባቷ ጣሳውን ሲያዘነብሉት ዘይቱ ቶሎ አይወርድም። ይወፍራል፣ ይንጠለጠላል፣ ልውረድ አልውረድ ይላል። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ያው ዘይት እንደ ውሃ ይንዠቀዠቃል።

“አባባ፣ ጠዋት ለምንድነው እምቢ የሚለው?” ብላ ጠየቀቻቸው አንድ ቀን።

“ዘይት እንደ ሰው ነው፣ ልጄ” አሉ አባቷ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠራረጉ። “ሲበርደው ይኮራል።”

ይህ መልስ ለጥቂት ዓመታት አረካት። ከዚያ ግን ሌላ መልስ ፍለጋ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤትም ዩኒቨርሲቲ ሄደች። ኬሚስትሪ አጠናች። ተመርቃ በቁፋሮ ካምፕ የጭቃ ባለሙያ ሆና ልትቀጠር ነው ሲባል እናቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ጎረቤት እስኪሰማ ጮኹ።

“ሰው ልጁን የሚያስተምረው ከጭቃ ሊያወጣት ነው! እኔ አስተምሬ አስተምሬ ጭቃ ውስጥ ልከታት?”

“እማዬ፣ ጭቃው እኮ ዘይት ነው።”

“ይባስ! እሱን እንዴት ነው የማጥበው?”

እናትየው አኮረፉ፣ አለቀሱ፣ በመጨረሻ ግን ከወፍራም ሸራ ሁለት የሥራ ልብስ ሰፍተው፣ ደረቱ ላይ ትልልቅ ኪስ አድርገው ሸኟት።

ካምፑ ከማንኛውም ከተማ የራቀ፣ ነፋስ የሚነዳው ሰፊ ሜዳ ላይ ነበር። የእሷ ላቦራቶሪ አንዲት ኮንቴይነር ናት። መስኮቷ ጠባብ፣ ጠረጴዛዋ በቆርቆሮ የተለበጠ፣ ግድግዳዋ ላይ የዘይት ጣት አሻራዎች። ዋናው መሣሪያዋ ትንሽ ጽዋ ነው። ጭቃ ይሞላበታል፣ በውስጡ ብረት ይሽከረከራል፣ ጭቃው ብረቱን ምን ያህል እንደሚይዘው ከላይ ያለች መርፌ ታሳያለች። ብረቱ ፈጥኖ ሲዞር አንድ ቁጥር፣ ዘግይቶ ሲዞር ሌላ ቁጥር። ከሁሉ የምትወደው ግን የመጨረሻውን ልኬት ነበር። መሣሪያውን ታጠፋና ጭቃው ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ትተወዋለች። ከዚያ እንደገና ታስነሳዋለች። መርፌዋ ብድግ ትላለች፣ ወዲያው ትወድቃለች። ያቺ ብድግ ማለት፣ ጭቃው በእረፍቱ ምን ያህል እንደረጋ የምትናገር ናት።

“እና መርጋቱ ጥሩ ነው መጥፎ?” አሏት አንድ ቀን የካምፑ ወጥ ቤት፣ እማማ ጭልፋ። ጭልፋ ከእጃቸው ስለማይለይ ነው እንዲያ የተባሉት። ሥራ ሲያልቅላቸው ላቦራቶሪዋ ደጃፍ ላይ በርጩማ ዘርግተው ይቀመጡ ነበር።

“ጥሩም መጥፎም፣ እማማ። የእርስዎ ሾርባ ድስቱ ውስጥ ሲያድር ይረጋ የለ? ሲረጋ ድንቹ ወደ ታች አይሰምጥም፣ እንደተንሳፈፈ ይቀራል። ጭቃውም እንዲሁ ነው። ፓምፕ ሲቆም ካልረጋ፣ የተሸከመው ድንጋይ ሁሉ ታች ወርዶ መሰርሰሪያውን ይቀብረዋል።”

“አበጀ! ይርጋ እንጂ ታዲያ።”

“ከመጠን በላይ ከረጋ ደግሞ ማን ያስነሳዋል? በኃይል ሲገፉት ድንጋዩን ሰንጥቆ፣ በስንጥቁ ገብቶ ይጠፋል።”

እማማ ጭልፋ ጥቂት አሰቡና፣ “የኔው ባልም እንዲሁ ነበር” አሉ። “አርፎ ሲቀመጥ የሚያስነሳው የለም። በግድ ካስነሱት ደግሞ ቤት ይሰብራል።”

በዚያ ካምፕ ነጎድጓድ የሚሉት ቆፋሪ ነበር። ማማው ሥር ባለችው መቆጣጠሪያ ክፍል ቆሞ መሰርሰሪያውንም ፓምፑንም የሚያዘው እሱ ነው። ቁመቱ መካከለኛ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ግን ከሞተሩ በላይ የሚሰማ። ደህና አደራችሁ ሲል እንኳ የተቆጣ ነው የሚመስለው። እትዬ ቀስበሉ እርስዎ ትለው ነበር፤ በዕድሜም በሥራም ይበልጣታል። እሱ ደግሞ አንቺ ይላት ነበር። ንግግራቸው ከሥራ አያልፍም። “ጭቃሽ ወፈረ።” “ሊሞቅ ነው፣ ይታገሡ።” “ጭቃሽ ቀጠነ።” “ዱቄቱ እንዳይሰምጥ አስተካክለዋለሁ።” በቃ።

አንድ ቀን ታዲያ ብርቱ ነፋስ ተነሣ። ከነፋሱ ጋር ያልተጠበቀ ብርድ መጣ። የካምፑ ጄኔሬተር አጓራ፣ አስነጠሰ፣ ጸጥ አለ። መብራቱ፣ ፓምፑ፣ መሰርሰሪያው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ቆሙ። እንደዚያ ያለ ዝምታ በካምፑ ተሰምቶ አያውቅም። ሰዎች በሹክሹክታ መነጋገር ጀመሩ፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ሜዳው ነጭ፣ ሰማዩም ነጭ ሆኖ መለያያቸው ጠፋ። እትዬ ቀስበሉ ከገንዳው ጫፍ ቆማ ወደ ታች ስታይ ጭቃው ቆዳ አውጥቷል። ፊቷ በደብዛዛው ይታያታል። በጣቷ ስትነካው የጣቷ ቅርጽ ሳይጠፋ ቆየ። እላይ ያለው እንዲህ ከሆነ፣ እታች እንደ ክር በቀጠነው ጉድጓድ ውስጥ ተዘግቶ የቆመው እንዴት ሆኖ ይሆን?

መካኒኮቹ ጄኔሬተሩን ፈተው ሲገጥሙ ውለው አደሩ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሲነሣ የካምፑ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ነጎድጓድ ከሁሉ ቀድሞ ወደ መቆጣጠሪያው ሮጠ። እትዬ ቀስበሉም ተከትላው ሮጠች። እሷ ስትሮጥ ከዚያ በፊት ያየ ሰው ስላልነበረ ይህም ለብዙ ጊዜ ተወራ።

“ፓምፑን እንዳያስነሱት!” አለች ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

“አንቺ ልጅ፣ መሰርሰሪያዬ ታች ቆሞ ነው ያደረው! በቆየን ቁጥር እየተያዘ ነው። አሁኑኑ ካላንቀሳቀስኩት እዚያው ይቀራል።”

“እውነትዎን ነው። ግን ጭቃው ረግቷል። በአንድ ጊዜ ከገፉት ታች ያለው ድንጋይ ደካማ ነው፣ ይሰነጠቃል። ያኔ ጭቃውም ጉድጓዱም ይሄዳሉ።”

“ታዲያ አቅጥኚልኛ!”

“ገንዳው ውስጥ ያለውን አቀጥናለሁ። እታች ያለውን በምን እጄ ልድረስበት?”

ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ችግሩም እሱ ነበር። ነጎድጓድ ኮፍያውን አውልቆ አናቱን አከከ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እና ምን ይሻላል?” አላት።

“መጀመሪያ የመሰርሰሪያውን ቧንቧ ብቻ ያዙሩት፤ ሲዞር በዙሪያው ያለውን ጭቃ ያነቃዋል። ከዚያ ፓምፑን በዝቅተኛ ጉልበት።”

“እሺ። ግን እዚሁ አጠገቤ ትቆሚያለሽ። ከተሰነጠቀም አብረን እናየዋለን።”

ቧንቧው መጀመሪያ አቃሰተ። ከዚያ እንደ ሰነፍ ሰው ዞር አለ። ሌላ ዙር። ሌላም። ነጎድጓድ ትልቅ ትንፋሽ ለቀቀ፤ አልተያዘም ነበር። ፓምፑን በቀስታ አስነሣው። የግፊት መለኪያው መርፌ መነሣት ጀመረች። ወጣች፣ ወጣች። በመመለሻው ቧንቧ ግን የሚመጣ ነገር የለም። እትዬ ቀስበሉ ዓይኗን ከመርፌዋ ወደ ገንዳው ወረወረች። ጭቃው እየጎደለ ነው። ይወርዳል እንጂ አይመለስም። ምድር እየጠጣችው ነው።

“አቁም!” ብላ ጮኸች።

ነጎድጓድ እጁን ከማዘዣው አነሣ። መርፌዋ ወደቀች። ከሞተሩ ጉርምርምታ በቀር ድምፅ የለም። እሱ ዘወር ብሎ አያት፤ እሷም የሆነውን ያወቀችው ያኔ ነው። ያቁሙ ማለት ሲገባት አቁም ብላዋለች። ፊቷ ቀላ።

“ስንጥቁ እስኪገጥም እንታገሥ” አለች ዝግ ብላ። “ቧንቧው ብቻ ይዙር።”

ጠበቁ። ውጪ ነፋሱ በርዷል። ጭጋጉ ተመልሶ መጥቶ ክፍሏን ከቧታል፤ መስታወቱ ላይ ነጭ ሆኖ ተለጥፏል። ወለሉ በቧንቧው ዙረት ይንቀጠቀጣል፤ ንዝረቱ ከእግራቸው በኩል ገብቶ እስከ ጥርሳቸው ይሰማቸዋል። ዓለም ከዚያች ክፍል ሌላ ምንም የላት ይመስል ነበር። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሰው የማይናገረውን ይናገራል።

“ልጅ ሆኜ” አለ ነጎድጓድ፣ ወደ መስታወቱ እያየ፣ “ቤታችን አጠገብ አሮጌ የውሃ ጉድጓድ ነበር። ጠጠር እጥልበትና ድምፁን እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ድምፁ አይመጣም። ያኔ እፈራና እናቴን እጣራለሁ። ይኼ ጩኸቴ ያኔ የለመድኩት ነው መሰለኝ።”

“አሁንስ ይፈራሉ?”

“ሁልጊዜ። አንቺስ?”

“እኔ አልፈራም። እመኛለሁ እንጂ። ጭቃው የሚያልፍበትን ባየሁት እላለሁ። አንዳንዴ ተኝቼ አብሬው እወርዳለሁ። ጨለማ ነው፣ ግን ይሞቃል። ድንጋዮቹ ቀለም አላቸው። ማን እንዳሳየኝ አላውቅም።”

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅባት ነበር። እሱ አልሳቀም። “ምን ምን ቀለም?” ብሎ ጠየቃት።

እሷም ነገረችው። አረንጓዴ እንዳለ፣ የዝገት ቀለም እንዳለ፣ አንዱ ደግሞ ስም የሌለው መሆኑን። ስትጨርስ ወደ መለኪያው መርፌ ዞረች። ከዚያ “አሁን” አለችው።

ፓምፑን ከፊተኛውም ባነሰ ጉልበት አስነሣው። መርፌዋ ወጣች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። ትንፋሻቸውን ያዙ። መርፌዋ ጥቂት ዝቅ አለች። ወዲያው በመመለሻው ቧንቧ ጉርርር የሚል ድምፅ መጣ፣ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ። እትዬ ቀስበሉ ወጥታ ሮጠች። መዳፏን ቧንቧው ላይ ስታሳርፍ በረዶ ነው፤ ከላይ የነበረው ጭቃ ነው። ጠበቀች። ለብ አለ። ከታች የቆየው ሲደርስ ሞቀ። ማማው ሥር የተሰበሰቡት ሠራተኞች ሲፎክሩና ሲተቃቀፉ፣ እሷ እጇን ሳታነሣ እንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲያ ነጎድጓድ ምክንያት እየፈለገ ወደ ላቦራቶሪዋ መምጣት ጀመረ። አንድ ቀን ሻይ ይዞ። አንድ ቀን ከወንፊቱ ላይ የለቀመውን አረንጓዴ የድንጋይ ፍርፋሪ በመዳፉ ይዞ። “ይሄ ነው ያልሽው?” አላት። አልነበረም፤ ግን ነው አለችው።

“አንድ ነገር ላስቸግርሽ” አለ ሌላ ጊዜ፣ በሩ ላይ ቆሞ። “ያን ቀን አቁም አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ እንደገና እርስዎ ሆኛለሁ። ምን አጠፋሁ?”

እማማ ጭልፋ በርጩማቸው ላይ ሆነው ወደ ሰማይ እያዩ ሳቁ።

ጉድጓዱ ግን ደረቅ ሆነ። ያ ሁሉ ተለፍቶበት ታች ሲደረስ ነዳጅ ዘይትም ጋዝም አልተገኘበትም። በሲሚንቶ ደፈኑት። ማማው ተነቅሎ በጭነት መኪኖች ተጫነ። ካምፑ የነበረበት ሜዳ እንደቀድሞው ባዶ ሆኖ ሲታይ፣ ሰዎቹ ያለሙት ሕልም እንጂ የሆነ ነገር አይመስልም ነበር። ሁሉም ወደየቤቱ ሊበተን ሲሳፈር ነጎድጓድ ከመኪናው ወርዶ ወደ እሷ መጣና፣ በዚያ ድምፁ፣ እፊቱ የቆመችውን እሷን ሲጠይቅ ካምፑ በሙሉ ሰማው።

“ታገቢኛለሽ ወይ?”

“ኧረ ቀስ በል!” አለች እሷ፣ ሰው ሁሉ ስለሰማ ደንግጣ።

“እሺ፣ ስንት ዓመት ልጠብቅ?”

“ድምፅህን ነው ቀስ በል ያልኩት” አለችው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። መልሷም በዚያው ታወቀ።

እናቷ ወሬውን ሲሰሙ፣ “ጭቃ ውስጥ ገባች፣ ነጎድጓድ ይዛ ወጣች። ቀጥሎ ጎርፍ ነው” አሉ። ሴት ልጅ ስትወለድም ጎርፊት ብለው የጠሯት እሳቸው ናቸው። ሕፃኗም ስሟን አላሳፈረችም፤ በደረሰችበት የሚቆም ዕቃ አልነበረም።

ጎርፊት ከተወለደች በኋላ እትዬ ቀስበሉ ካምፕ መውጣቱን ትታ በከተማው አንድ ላቦራቶሪ ተቀጠረች። ከየቁፋሮው ቦታ በጠርሙስ የሚላክ ጭቃ ትመረምራለች። አንዱ ከባሕር ላይ፣ አንዱ ከበረሃ፣ አንዱ ስሙን ሰምታ ከማታውቀው ተራራ። መንገድ ላይ የቆዩት ጠርሙሶች አናታቸው ላይ ጥርት ያለ ዘይት ያወጣሉ፤ እሷ አማስላ መልሳ ታዋህዳቸዋለች። ከዚያ የታችኛውን ምድር ሙቀት በሚያሳይ ምድጃ ታሞቃቸዋለች፣ ትለካቸዋለች። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በጭቃው ላይ ሲያርፍ ቀስተ ደመና ይሠራል። የሥራ ባልደረቦቿ አንዳንዴ ጠርሙስ እንደያዘች ፈዝዛ ያገኟታል። የት ሄደሽ ሲሏት “ወርጄ ነበር” ትላለች።

ነጎድጓድ ማማው ሥር እስኪሸብት ሠራ። ሞተሩ በየዓመቱ ከጆሮው ትንሽ ትንሽ ወሰደበት። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ሄደ። ከዚያ የበር ደወል። ጡረታ ሲወጣ የጎርፊትን ሳቅ በዓይኑ እንጂ በጆሮው አይሰማውም ነበር። አንዳንዴ ይተክዝ ነበር። በተለይ ቤት ውስጥ ሰዎች ሲጫወቱ፣ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲያይ ቆይቶ፣ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ይወጣል። እትዬ ቀስበሉ አንዳንድ ቀን ተከትላው ትወጣለች፤ አንዳንድ ቀን ትተወዋለች። የቱ ቀን የቱ እንደሆነ ማወቅ ከባድ ነበር፤ ተሳስታም ታውቃለች።

በቅርቡ አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰማዩ ቀስ ብሎ ጠቆረ። አየሩ ቆመ፤ የግቢው ዛፍ ቅጠሉን አላነቃነቀም። ከዚያ ዝናቡ በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ መጣ። ነጎድጓድ የዝናቡን መውረድ ያያል፤ ነገር ግን አይሰማውም። ፊቱ ላይ ያን ጊዜ የነበረውን ትካዜ ስታይ፣ ወንበሯን አስጠጋች። እጁን ወስዳ መዳፉን ወደ ላይ ገለበጠችው። በጣቶቿ ጫፍ መዳፉን መታ መታ ታደርገው ጀመር። መጀመሪያ አንድ፣ ጥቂት ቆይቶ ሁለት፣ ከዚያ ጣቶቿን ሁሉ፣ ጣሪያው ላይ እንደሚወርደው፣ እየፈጠነ፣ እየበረታ።

ዓይኑን ጨፈነ።

“በረዶ አለበት?” ሲል ጠየቀ በዚያ ድምፁ፣ መንገደኛ ዘወር ብሎ እስኪያይ።

እሷም ጣሪያውን አዳመጠችና መዳፉን በጥፍሯ ነካ፣ ነካ አደረገችው።